«ሥራ አለህ?» እና «ሠርተሃል?»፦ ሥራ አጥን ስለ መቁጠር ቋንቋ

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት አዘጋጃለሁ። በቅርቡ «በአካባቢው ያሉ ሥራ ፈት ወጣቶች» ብዬ የጻፍኩትን አለቃዬ «ሥራ አጥ ወጣቶች» በሚል አረሙት። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የቀን ሥራ የሚያገኙትን ደግሞ «ከፊል ሥራ አጦች» እንድላቸው ነገሩኝ። ልዩነቱ የጨዋነት ብቻ ነው ወይስ የትርጉም? «ከፊል ሥራ አጥ» የሚለውስ ያስኬዳል?

መልስ፦ አለቃዎ በመጀመሪያው እርማት ልክ ናቸው፤ በሁለተኛው ግን አልስማማም።

«ሥራ ፈት» የተሠራው «ፈታ» ከሚለው ግሥ ነው። ከባሏ የተለያየችውን ሴት «ፈት» እንደምንል ሁሉ፣ «ሥራ ፈት»ም ከሥራ ጋር የተፋታ ሰው ነው። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለው ተረት የሚያፌዘው እጇን አጣጥፋ ከመቀመጥ ትዳር ማፍረስን በመረጠች እናት ላይ ነው፤ ሥራ ፈልጋ ስለ ማጣቷ የሚነግረን ነገር የለም። ቃሉ ሥራ አለመያዝን ብቻ ይገልጻል፤ ምክንያቱን ሳይጠይቅም ጥፋቱን በሰውየው ላይ ይጥላል። ጎረቤቱ «ቦዘኔ»ማ ጭራሽ ወደ ወንጀል የተጠጋ ነው፤ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384/1996 ከወጣ በኋላ በሪፖርት ውስጥ እንደ ዋዛ የሚጻፍ ቃል አይደለም።

«አጣ» ግን ሌላ ነው። ሰው የሚያጣው የነበረውን ወይም የፈለገውን ነገር ነው፤ «ፈልጌ አጣሁት» እንላለን እንጂ ያልፈለግነውን አጣን አንልም። ስለዚህ «ሥራ አጥ» የሚለው ስም መፈለግን በሆዱ ይዟል። ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1982 እ.ኤ.አ. በ13ኛው ጉባኤያቸው ካስቀመጡት መለኪያ ጋር የሚገጥመውም በዚህ ነው። በዚያ መለኪያ አንድ ሰው ሥራ አጥ ተብሎ የሚቆጠረው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ሥራ የሌለው፣ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ፣ በቅርብ ጊዜ ውስጥም ሥራ ሲፈልግ የነበረ። «ሥራ ፈላጊ» የሚለው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል። አራት ኪሎ የቅጥር ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ፊት አንገታቸውን አቅንተው ከሚያነቡት መካከል፣ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ደረቱ ላይ እንዳንጠለጠለ የተሻለ ደመወዝ የሚያማትር ሰው አይቻለሁ፤ እርሱ ሥራ ፈላጊ ነው እንጂ ሥራ አጥ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው መፈለግ ራሱ ወጪ ሲሆን ነው። ለታክሲ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለማስረጃ ማረጋገጫ ሲከፍል ኖሮ የሰለቸው ወጣት ፍለጋውን ቢያቆም ሦስቱንም በሚጠይቀው ጥብቅ መለኪያ ከሥራ አጦች መዝገብ ይወጣል። ሠሪና ሥራ አጥ ተደምረው 100 ሰዎች ናቸው እንበል፤ 80ው ሠሪዎች፣ 20ው ሥራ አጦች ቢሆኑ ምጣኔው 20 በመቶ ነው። ከ20ው አምስቱ ተስፋ ቆርጠው ቤት ቢቀመጡ ሥራ አጦች 15፣ ድምሩ 95 ይሆንና ምጣኔው ወደ 15.8 በመቶ ይወርዳል። አንድም ሰው ሳይቀጠር ሥራ አጥነት «ቀነሰ» ማለት ነው። የ1982ቱ ውሳኔ ሥራ የሚፈለግበት መንገድ በቅጡ ባልተደራጀበት አገር የመፈለግ መስፈርቱ ሊላላ እንደሚችል የፈቀደው ለዚህ ነው፤ የአገራችን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤትም በጥናቶቹ የላላውን መለኪያ ሲጠቀም ቆይቷል። እንግዲህ በሪፖርትዎ ምጣኔ ሲጠቅሱ በየትኛው መለኪያ እንደተሰላ አንድ ሐረግ ቢጨምሩ ቃል ከማረም የበለጠ ይጠቅማል።

ወደ ቀን ሠራተኞቹ ልምጣ፤ ለእኔ የጥያቄዎ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቅርቡ ማለዳ ከቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ አካፋውን ተደግፎ አሠሪ የሚጠብቅ ወጣት አነጋገርኩ። «ሥራ አለህ?» ስለው «ኧረ የለኝም፤ የቀን ሥራ ነው የምሠራው» አለኝ። በአንድ ትንፋሽ የለኝም አለ፣ እሠራለሁም አለ፤ በአማርኛችን ግን አልተቃረነም። «ሥራ አለው»፣ «ሥራ ያዘ» ስንል የወር ደመወዝ ያለውን፣ የሚቆይ ነገር ማለታችን ነው። የመለኪያው ጥያቄ ግን ስለ ይዞታ አይደለም፣ ስለ ድርጊት ነው፦ «ባለፉት 7 ቀናት በክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሠርተሃል?» ይላል። ወጣቱ ለዚህ «አዎን» ብሎ ሠሪ ሆኖ ይመዘገባል። መረጃ ሰብሳቢው ጥያቄውን ለማሳጠር ብሎ «ሥራ አለህ?» ካለው ግን ያው ሰው ሥራ አጥ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ግሥ ለውጥ የሕዝቡ ቁጥር ይለወጣል።

«ከፊል ሥራ አጥ» የማይስማማኝም በዚሁ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በመለኪያው ሙሉ በሙሉ ከሠሪዎች ወገን ተቆጥሯል፤ ግማሽ አካሉን ወደ ሥራ አጦች መውሰድ ሁለት ጊዜ መቁጠርን ይጋብዛል። በ1998 እ.ኤ.አ. የተካሄደው 16ኛው ጉባኤ ይህን ሰው የለየው በሦስት ነገር ነው፦ የሠራው ሰዓት ከተወሰነ ልክ ያነሰ፣ ተጨማሪ ሰዓት መሥራት የሚፈልግ፣ ቢያገኝም ዝግጁ የሆነ። ልኩን እያንዳንዱ አገር ይወስናል፤ የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስቀመጠው መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ሁለት ቀን የሠራ 16 ሰዓት ብቻ አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. 19ኛው ጉባኤ አራት መለኪያ አውጥቷል፤ አንዱ ሥራ አጦችን ብቻ ይይዛል፣ ሦስቱ እነዚህን ሰዓት ያነሳቸውን ሠሪዎች፣ ፍለጋ ያቆሙትንና ለጊዜው ዝግጁ ያልሆኑ ፈላጊዎችን ከሥራ አጦች ጋር በተለያየ መንገድ ይደምራሉ። ሲደመሩም ሁሉም በየስሙ እንደተለየ ይቀመጣል።

ታዲያ ምን እንበለው? «ጎደሎ ሥራ» አጭር ነው፤ ነገር ግን «ጎደሎ ቀን»ን ስለሚያስታውስ ገድ የሌለው ይመስላል። «ያልተሟላ ሥራ» ደግሞ የቢሮ ዕቃ ያልቀረበለት ነው የሚመስለኝ። እኔ «ያልሞላ ሥራ» እመርጣለሁ፤ «ኑሮ አልሞላ አለኝ» የሚል ሕዝብ ትርጉሙን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ሰዓቱ ሞልቶ ሙያው የሚባክንበትን፣ ለምሳሌ በምህንድስና ተመርቆ ሲሚንቶ የሚሸከመውን፣ ከዚህ ጋር አይቀላቅሉት፤ እርሱ «ከሙያ በታች ሥራ» ነው፣ በሰዓት ስለማይለካም ለብቻው ይጻፍ።

የእርስዎን ዓረፍተ ነገር እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ እጽፈው ነበር፦ «በአካባቢው ካሉት ወጣቶች ሥራ አጦች በላላው መለኪያ ተቆጥረዋል፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የቀን ሥራ የሚያገኙትና ተጨማሪ ሰዓት ለመሥራት የሚፈልጉት ከሠሪዎች መካከል ሥራ ያልሞላላቸው ተብለው ለብቻ ተመዝግበዋል።»