ለስቴንለስ ማኒፎልድ የትኛው ገጽ ይሻላል? መስታወት፣ ሳቲን፣ ቀለም ወይስ ሴራሚክ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ለላንድክሩዘርህ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ሞተር ቱርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ ሞተሩ ውስጥ አየር የሚገፋውን) ልታስገባ ነው። ማኒፎልዱን፣ ማለትም ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚወስደውን ቧንቧ፣ 304 በሚባለው የስቴንለስ ዓይነት እያሠራህ ነው። በያጁ ደግሞ «እንደ መስታወት እስኪያበራ ላድርግልህ፣ በአሸዋ ላስነፋው፣ ወይስ ጥቁር ቀለም ልቀባው?» ብሎሃል። አንተ የፈራኸው ቢጫና ሰማያዊ ቀለም እንዳያመጣ ነው። ስቴንለስ ቧንቧ ስቆርጥና ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝና ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ መርዶውን ልንገርህ፤ ቀለም ማምጣቱ አይቀርም። 304 ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለ። ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ሽፋኑ ይወፍራል፤ በወፈረ ቁጥር ብርሃን የሚመልስበት መንገድ ይለወጣል፤ ያኔ ቀለም እናያለን። 290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የገለባ ቢጫ ይጀምራል። 390 ላይ ቡናማ ይሆናል፣ 450 ላይ ወይን ጠጅ፣ 540 ላይ ሰማያዊ፣ 600 ላይ ጥቁር ሰማያዊ። ከዚያ በላይ ሲሄድ ውበቱ ያልቅና የደበዘዘ ግራጫ ይሆናል።

አሁን ያንተን ሞተር እናስብ። ቱርቦ የገባለት ናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ተጭኖ ሲጎትት የጭሱ ሙቀት 600 ዲግሪን ማለፉ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ፓምፑ ላይ ናፍጣ በዛ ተደርጎ ከተስተካከለ ሙቀቱ ይብሳል። ስለዚህ መስታወት አድርገኸው ብትወጣ ዕድሜው የመጀመሪያውን የእንጦጦ ዳገት እስክትጨርስ ነው።

መስታወት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ጀምረህ እስከ ደቃቁ ትወርዳለህ፤ ከዚያ በጨርቅ ጎማና በፖሊሽ ትቀጥላለህ። የስድስት ሲሊንደር ማኒፎልድ ቧንቧዎቹ ተጠጋግተው ስለሚሄዱ መሀላቸው ጣት እንኳ በቅጡ አይገባም። የሚያብረቀርቀው ከፊት የሚታየው ብቻ ይሆናል። ሌላም ጣጣ አለው። ብየዳው ጎልቶ ስለሚታይ በያጁ ፈጭቶ ሊያስተካክለው ይፈልጋል። እዚህ ላይ ተው በለው! የተፈጨ ብየዳ ይሳሳል፤ ማኒፎልድ ሲሰነጠቅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ብየዳው ጥግ ላይ ነው። ብልጭታ ከወደድክ ገንዘቡን ለማርሚታው (ለድምፅ ማፈኛው) እና ለጫፉ ቧንቧ አውለው። እዚያ ሙቀቱ ዝቅ ስለሚል መስታወቱ ይቆይልሃል።

የኔ ምርጫ ሳቲን ነው፤ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የተሻሸ፣ ለስለስ ያለ ግን የማያብረቀርቅ ገጽ። መጀመሪያ በ180 ወይም በ240 ቁጥር ወረቀት፣ ከዚያ አዲስ በሆነ ስኮች ብራይት (ማሻሻ ንጣፍ)፣ ሁሌም በአንድ አቅጣጫ። ቀለሙ ሲመጣ እኩል ሆኖ ይመጣል፤ ጭረት አይታይበትም፤ ከዓመት በኋላ ማደስ ብትፈልግ መኪናው ላይ እንዳለ በእጅህ ትመልሰዋለህ። መስታወት አንዴ ከደበዘዘ ግን መፍታት ነው፣ እንደገና መጀመር ነው።

ከገጹ ዓይነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በምን ዕቃ እንደሚሠራ ነው። የዛገ ስቴንለስ ሲያይ «ፎርጅድ ሸጡልኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ብሩሹ ነው። ተራ ብረት ላይ ሲሠራ የዋለ የሽቦ ብሩሽ ወይም ዲስክ ስቴንለሱን ሲነካ የብረት ብናኝ እላዩ ላይ ይተክላል። በጋውን ምንም አይታይም። ክረምቱ ሲገባ ከብየዳው ግራና ቀኝ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ብርቱካናማ ነጥቦች ብቅ ብቅ ይላሉ። የዛገው ስቴንለሱ ሳይሆን የተተከለበት ብናኝ ነው፤ ግን ከቆየ ሥሩ ያለውንም መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ለስቴንለስ ብቻ የተለየ የስቴንለስ ብሩሽና አዲስ ዲስክ ይኑረው። ከሌለው ገዝተህ ስጠው፤ ከማኒፎልዱ ዋጋ አንፃር ምንም አይደለም።

በአሸዋ መንፋቱም ያው ነው። የመኪና ቻንሲ ሲነፋበት የነበረ አሸዋ ውስጡ የዝገት ዱቄት ሞልቶታል። መነፋቱን ከመረጥክ ተራ ብረት ባልተነፋበት ንጹሕ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ይነፋ። የወንዝ አሸዋ አቧራው ለሚነፋው ሰው ሳንባም አደገኛ ነው። ደግሞ የተነፋ ገጽ ሻካራ ስለሆነ ዘይትና ጭቃ ይይዛል፤ በጣት ከነካኸው ምልክቱ አይለቅም። እኔ የምመክረው ከላዩ ሌላ ሽፋን የሚመጣ ከሆነ ብቻ ነው።

ማንም የማይጠይቀው ደግሞ የውስጡ ገጽ ነው። ሲበየድ ኦክስጅንን የሚያስወጣው አርጎን ጋዝ ቧንቧው ውስጥ ካልተሞላ የብየዳው ጀርባ ከኦክስጅን ጋር ተቃጥሎ ጥቁርና እንክብልብል ያለ ቅርፊት ይሠራል። ይሄ ቅርፊት ከጊዜ በኋላ ሊረግፍ ይችላል፤ የሚሄደውም ቀጥታ ወደ ቱርቦው ተርባይን (ጭሱ ወደሚያዞረው ክንፍ) ነው። ውጩ እንደ ጌጥ ቢያበራ ውስጡ እንዲህ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? በያጁን «ጫፎቹን ደፍነህ አርጎን ታስገባለህ ወይ?» ብለህ ጠይቀው። መልሱ «አያስፈልግም» ከሆነ ሌላ በያጅ ፈልግ።

ጥቁር ቀለም ላይ ብዙ አልቆይም። ቆርቆሮው ላይ 1,100 ዲግሪ ይችላል ተብሎ የተጻፈበት ስፕሬይ አለ። ግን ተቀብቶ በደረጃ መጋገር አለበት፤ ለምሳሌ በ120፣ ከዚያ በ200፣ ከዚያ በ315 ዲግሪ አካባቢ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት፣ በመሀሉ እየቀዘቀዘ። ይሄን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ስቴንለስ ሲሞቅ ከተራ ብረት የበለጠ ይለጠጣል። ግማሽ ሜትር ቧንቧ በ600 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 5 ሚሊሜትር ይረዝማል። በወፍራሙ የተቀባ ቀለም ያንን መከተል አይችልም፤ ይላጣል። ለስላሳ ገጽ ላይ ከተቀባማ ጭራሽ አይያዝም። የዱቄት ቀለም የሚባለውን እንዳታስበው፣ ይቃጠላል። ክሮምም ለዚህ ሙቀት አይሆንም።

ሙቀት የሚችለው የሴራሚክ ሽፋን ሌላ ነገር ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ካስጨነቀህ፣ አጠገቡ የሚያልፍ ሽቦ ወይም የፍሬን ቧንቧ ካለ፣ ገንዘቡ ያወጣል። እስከ 980 ዲግሪ ገደማ የሚችሉ፣ ምድጃ ሳያስፈልጋቸው በአየር የሚደርቁ ዓይነቶች አሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ልታስመጣ ትችላለህ፤ ግን ተቀጣጣይ ሊሆን ስለሚችል አውሮፕላን ላይ ይፈቀድ እንደሆነ ቀድመህ አጣራ። እዚህ ላይ ነው መነፋቱ የሚያስፈልገው፤ ሽፋኑ የሚጨብጠው ሻካራ ገጽ ይፈልጋል። በስሱ ይቀባ። ውስጡን አታስቀባ፤ ከተላጠ ያው ተርባይኑ ጋ ነው የሚሄደው።

«ሙቀት በሚችል ጨርቅ ብጠቀልለውስ?» ብለህ ከታች ጨምረሃል። በ304 ላይ አልመክርህም። ከ425 እስከ 860 ዲግሪ ባለው መሀል ብዙ ሲቆይ ብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ክሮሚየሙን ስቦ ይይዘዋል፤ ከዝገት የሚጠብቀው ክሮሚየም ይጎድላል። ጨርቁ ሙቀቱንም እርጥበቱንም አፍኖ ያቆየዋል። የግድ ከሆነ ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ የማይበልጠው 304 ኤል፣ ከተገኘም ታይታኒየም ያለበት 321 ይሻላል። ካልሆነ በመሀሉ አየር የሚያልፍበት የሙቀት መከለያ ላሜራ አድርግ፤ ርካሽም ነው።

ሳቲኑን ከመረጥክ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በንጹሕ ጨርቅና በአሴቶን ጥረገው፤ ከዚያ በኋላ በጓንት ብቻ ያዘው። አንድ ደንበኛ «እስቲ ልየው» ብሎ ሦስተኛው ቧንቧ ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ ነበር። ሞተሩ ተነስቶ ሲሞቅ የጣቱ አሻራ ከነመስመሩ ቡናማ ሆኖ ተጋገረ። አሁንም መኪናው ላይ አለ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር የሚገጥመው የፍላንጁ፣ ማለትም በቡሎን የሚታሰረው ወፍራም የማኒፎልዱ ሳህን፣ ፊት አይነፋ፣ አይቀባ፣ በእጅ ግራይንደርም አይነካ። ስቴንለስ ፍላንጅ ሲበየድ ይጣመማልና መጀመሪያ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስደግፈህ በብርሃን እየው። ከሥሩ ብርሃን ካሳለፈ ቴስታታ የሚያስተካክሉት ማሽን ቤቶች ጋ ወስደህ ፊቱን አስተካክል፤ አለዚያ በመሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ አዲስ ጓርኒሲዮንም ቢሆን፣ ቢገባ ጭስ ያፈስሳል። ሳቲኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።