ፍሪጁ ሲነሳ ኢንቨርተሩ ለምን ይጠፋል?

ባትሪ ከመቀየርህ በፊት ሽቦውን ጠርጥር። ሚኒባስህ ውስጥ ባትሪው 12.7 ቮልት እያሳየ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ሳጥን) ጮኾ ይጠፋል ብለሃል። ከሚኒባሱ ፊት እስከ ኋላ የዘረጋኸው 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በጣም ቀጭን ነው። 1000 ዋት ኢንቨርተር በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ80 አምፔር በላይ ይስባል። የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ደግሞ ሲነሳ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ያኔ ቀጭኑ ሽቦ ላይ ቮልቱ ይወርድና ኢንቨርተሩ ይጠፋል።

ቴስተሩን (ቮልት መለኪያውን) ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ያዝና ሰው ፍሪጁን ይሰካልህ፤ ባትሪው ላይም እንዲሁ ድገመው። ኢንቨርተሩ ጋ ወደ 10.5 ቮልት ወርዶ ባትሪው ላይ ከ12 ካልወረደ፣ ችግሩ ሽቦው ወይም የላላ ብሎን ነው። ሁለቱም ጋ አብሮ ከወረደ ግን ባትሪው ደክሟል።

1. ኢንቨርተሩን ከባትሪው አንድ ሜትር ውስጥ አድርገው።
2. 35 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ግዛ። ጫፉ በመጭመቂያ ይታሰር፤ ጠምዝዞ ማሰር ይግላል።
3. ባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ 125 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ይሄን እባክህ አትዝለል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬዳዋ ላይ ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከሞተሩ አርቀው፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው። መኪናውን ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ካቆምክ ግን ጥላው የሶላር ፓኔሉ ላይ እንዳያርፍ፤ ትንሽ ጥላ እንኳ ብዙ ኃይል ይቀንሳል።