ራውንድኪዩብን ከ1.4 ወደ 1.6 ስናሸጋግር፦ ስለ ፓኬጁና ስለ ዳታቤዙ

ሰላም ለጠያቂያችን። ጥያቄዎ ደቢያን 11 (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ላይ ያለውን ራውንድኪዩብ 1.4፣ ማለትም ሜይልን በብራውዘር የሚያስነብበውን ፕሮግራም፣ ወደ 1.6 ለማሳደግ የደቢያኑን ፓኬጅ ልጠቀም ወይስ የራሴን ላዘጋጅ፣ የሰዉ አድራሻና ሴቲንግስ ሳይጠፋ እንዴት ይሻገራል የሚል ነው።

ከሌላ ቦታ ያመጧቸው ፕለጊኖች (ተጨማሪ ሥራ የሚሰጡ ተቀጥላ ፕሮግራሞች) ከሌሉ የደቢያን 12 ፓኬጅ ይበቃዎታል። ቁጥሩ 1.6.5 ብሎ ሲያዩት አርጅቷል ብለው አይተዉት። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ይፋ የሆነው ከባድ ቀዳዳ፣ የአንድ ተራ ተጠቃሚ ፓስወርድ ያለው ሰው ሰርቨሩ ላይ ኮድ እንዲያስኬድ የሚፈቅደው ማለት ነው፣ በፕሮጀክቱ በኩል የተደፈነው በ1.6.11 እና በ1.5.10 ነው። ደቢያን ግን ጥገናውን ብቻ ወስዶ ነባሩ ቨርዥን ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ መታየት ያለበት ከቁጥሩ ኋላ ያለው ቅጥያና የፓኬጁ የለውጥ መዝገብ ነው።

የራስዎን ፓኬጅ የሚሠሩ ከሆነ «ኮምፕሊት» የሚባለውን ታርቦል (ሁሉንም ፋይል አንድ ላይ የጠቀለለውን) ይውሰዱ፤ ፊርማውንም ያረጋግጡ። ከጊት፣ ማለትም ከፕሮጀክቱ የኮድ ማከማቻ፣ በቀጥታ ከወሰዱ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎቹ አልገቡም፣ ኢላስቲክ የሚባለው ስኪን (የገጹ መልክ) የተጻፈበት ሌስም ብራውዘር ወደሚያነበው ሲኤስኤስ አልተቀየረም፤ ገጹ መልክ አልባ ሆኖ ይከፈታል። ኮዱን ዩኤስአር ሼር ሥር፣ ኮንፊጉን ኢቲሲ ሥር፣ ሎጉንና ቴምፑን (ጊዜያዊ ፋይሎቹን) ቫር ሥር ያድርጉ። ዌብ ሰርቨሩ መጻፍ ያለበት ሎጉና ቴምፑ ላይ ብቻ ነው። ኮንፊጉ በፓኬጁ ውስጥ እንደ ኮንፊግ ፋይል ይመዝገብ፤ አለዚያ በሚቀጥለው አፕዴት በላዩ ላይ ይጻፍበታል። የዳታቤዙ ፓስወርድ እዚያ ስላለ ፈቃዱ 640 ይሁን፤ ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ግሩፑ ያነባል፣ ሌላው አያይም። ዌብ ሰርቨርዎ ኤንጂንኤክስ ከሆነ ደግሞ ኤችቲአክሰስ ፋይልን አያነብም፤ ኮንፊግ፣ ሎግና ቴምፕ በብራውዘር እንዳይከፈቱ ራስዎ መዝጋት አለብዎት። ሁለቱን መንገድ ግን አያደባልቁ፦ በደቢያኑ ፓኬጅ ላይ ታርቦል ከዘረገፉ ቀጣዩ የአፕት (የደቢያን ፓኬጅ መጫኛ) አፕዴት ሁሉንም ያበላሻል።

ከኮዱ ይልቅ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ራውንድኪዩብ አንድን ሰው የሚለየው በዩዘርኔሙ ብቻ ሳይሆን በዩዘርኔሙና በሜይል ሰርቨሩ ስም አንድ ላይ ነው። «ዩዘርስ» የሚባለው ቴብል ውስጥ «ሜይል ሆስት» የሚል ኮለም አለ። እስከ ትናንት «ሎካልሆስት» ይል የነበረውን ዛሬ ኮንፊጉ ላይ በሰርቨሩ ሙሉ ስም ከቀየሩት፣ ሰውየው ሲገባ አዲስ ተጠቃሚ ተብሎ ይመዘገባል። ሜይሉ አይማፕ ላይ፣ ማለትም በሜይል ሰርቨሩ ላይ፣ ስለሆነ ይታየዋል፤ ያስቀመጣቸው የሰዎች አድራሻዎች፣ ፊርማውና ሴቲንግሱ ግን ባዶ ናቸው። አልጠፉም፤ በአሮጌው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። መፍትሔው ማንም ሳይገባ በፊት ኮለሙን በአንድ ትእዛዝ ወደ አዲሱ ስም መቀየር ነው። ሰው ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ሁለቱ ረድፎች ይጋጩና ትእዛዙ እምቢ ይላል፤ ያኔ አዲሱን ረድፍ ማጥፋት ይቀድማል። ስታጠፉት በሥሩ የተመዘገበ አዲስ አድራሻ ካለ አብሮ ስለሚሄድ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

ስሙን ለመቀየር የሚገፋፋው ደግሞ ራሱ 1.6 ነው። ኮንፊጉ ላይ ለሜይል ማንበቢያው «ዲፎልት ሆስት» የነበረው «አይማፕ ሆስት»፣ ለመላኪያው «ኤስኤምቲፒ ሰርቨር» የነበረው «ኤስኤምቲፒ ሆስት» ሆኗል። የፖርት መስመሮቹ ተሰርዘው ፖርቱ ከስሙ ጋር አብሮ ይጻፋል። ስሙን «ኤስኤስኤል» ብለው ከጀመሩ ለማንበቢያው 993፣ ለመላኪያው 465፤ «ቲኤልኤስ» ካሉ 143 እና 587 ነው፤ ሁለተኛው ስታርትቲኤልኤስ፣ ማለትም ግንኙነቱ ክፍት ጀምሮ ኋላ የሚመሰጠርበት፣ ማለት ነው። የሜይል ማጣሪያ ደንቦችን የሚያስተዳድረው የማኔጅሲቭ ፕለጊን ፖርትም (4190) እንዲሁ ከስሙ ጋር ይጻፋል። ሜይል ማንበብ ሠርቶ መላክ ላይ «ኤስኤምቲፒ ኤረር (-1)» ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ፖርቱና ሰርተፊኬቱ ናቸው፦ ሰርተፊኬቱ የተሰጠው ለሰርቨሩ ሙሉ ስም ሆኖ እናንተ «ሎካልሆስት» ብላችሁ በቲኤልኤስ ከጠራችሁ ፒኤችፒ አይቀበለውም። ማረጋገጫውን ከማጥፋት በስሙ መጥራት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ግን ለአይማፑም ስሙን ከቀየራችሁ ከላይ ያልኩትን ኮለም አትርሱ።

የአፕዴት ስክሪፕቱ ኮንፊጉን ላስተካክልልህ ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ብላችሁ በእጅ ብታስተካክሉ ይመረጣል። ፋይሉን እንደ አዲስ ስለሚጽፈው በእጅ የተጨመሩ ማስታወሻዎችና ቅድመ ሁኔታዎች አይተርፉም። «ዴስ ኪ» የሚባለው 24 ፊደል ያለው የምስጠራ ቁልፍ እንዳለ ይሻገር፤ ሰርቨሮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ዳታቤዙን በተመለከተ መጀመሪያ ወደ 1.5 ማሳደግ አያስፈልግም፤ የአፕዴት ዲቢ ስክሪፕቱ «ሲስተም» ቴብል ላይ የተመዘገበውን ቁጥር አይቶ የጎደሉትን ለውጦች በተራ ያስኬዳል። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ከነዚህ ለውጦች አንዱ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ወደሚባለው፣ በፊደል እስከ 4 ባይት ወደሚይዘው የፊደል አቀማመጥ መቀየር ነው። የቆዩ ቴብሎች «ኮምፓክት» በሚለው የረድፍ ቅርጽ ከተሠሩ የኢንዴክሱ (የፍለጋ ማውጫው) ርዝመት ከ767 ባይት አለፈ ብሎ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል፤ አስቀድሞ ወደ «ዳይናሚክ» መቀየር ነው። በነገራችን ላይ የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሆነ በአሮጌውም ይቀመጥ ነበር፤ 4 ባይት የሚፈልጉት ኢሞጂዎቹ ናቸው።

ላሪና ክላሲክ የሚባሉት የቆዩ ስኪኖች ከዋናው ፓኬጅ ወጥተዋል፤ ለላሪ የሠራችሁት ቴምፕሌት ኢላስቲክ ላይ አይሠራም። ደቢያን 12 ፒኤችፒ 8.2 ስለሚያመጣ ለ7.4 የተጻፉ አሮጌ ፕለጊኖችን ሁሉ ከኮንፊጉ ዘግታችሁ ተነሱና አንድ በአንድ እየከፈታችሁ ሎጉን ተመልከቱ።

መመለሻ ስክሪፕት የለም። ለውጡ ካለፈ በኋላ ወደ 1.4 መመለስ የሚቻለው ከመጀመራችሁ በፊት በወሰዳችሁት የዳታቤዝ ዳምፕ (ሙሉ ቅጂ) እና የኮንፊግ ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳምፑን ሌላ ማሽን ላይ ጫኑና እዚያ ሙሉውን ተለማመዱት። በዋናው ላይ ዌብ ሰርቨሩን አቁሙ፣ ዳምፕ ውሰዱ፣ አሳድጉ፣ ስክሪፕቱን በአንዱ ሰርቨር ላይ አንዴ ብቻ አስኪዱ፣ የገቡ ሰዎች የሚመዘገቡበትን «ሴሽን» ቴብል ባዶ አድርጉ፣ ፒኤችፒን የሚያስኬደውን ፒኤችፒ ኤፍፒኤም ሪስታርት አድርጉና ዌብ ሰርቨሩን ክፈቱ። «ኢንስቶለር» የሚባለው ፎልደር ካለ ከመክፈታችሁ በፊት ሰርዙት።