ማን ፈረመው?

ውድ ወጣቶች፣

ባህር ዳር ውስጥ በባንክ ሥራ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። ለብዙ ዓመታት ሥራዬ ፊርማ ማመሳከር ነበር። ቼክ ይመጣል። የደንበኛውን የፊርማ ካርድ ከመሳቢያ አወጣለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዕሩ የት እንደተነሳ፣ መስመሩ የት እንደታጠፈ አያለሁ። ከተጠራጠርኩ አልከፍልም። አንዳንዱ ደንበኛ «እኔን አታውቀኝም እንዴ?» ብሎ ይቆጣ ነበር። አውቀዋለሁ። ግን ገንዘቡ የሚወጣው በፊቱ ሳይሆን በፊርማው ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ጣና ዳር ለቱሪስት የእጅ ሥራ ትሸጣለች። አንድ ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ ባንኩ ሂሳቤን ሊዘጋብኝ ነው። ኢሜይል ላኩልኝ።»

«ምንም ነገር እንዳትነኪ። መጣሁ» አልኳት።

ሐይቁ ዳር ካለች ቡና ቤት ተገናኘን። እንጨት የጫነ ታንኳ በዘጌ በኩል ይመጣል። እሷ ግን ዓይኗን ከላፕቶፑ አልነቀለችም። ደብዳቤው የባንኩ አርማ አለው። አማርኛው የተስተካከለ ነው። «በ24 ሰዓት ውስጥ መረጃዎን ካላደሱ» ይላል፤ ከሥሩ የሚጫን ሊንክ አለ። ግርጌው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ክብ ማህተም እና የሥራ አስኪያጅ ፊርማ። ጣቷን ማህተሙ ላይ አድርጋ «ማህተም አለው እኮ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እኛ ማህተም የምናከብር ሕዝብ ነን። ማህተም ከሌለው ደብዳቤውን የሚቀበል ቢሮ የለም። ይህ ክብር ግን ለወረቀት ነው የተሠራው። ኢሜይል ላይ ያለ ማህተም ፎቶ ነው። ማንም ሰው ከአንድ አሮጌ ደብዳቤ ላይ በስልኩ አንስቶ ይለጥፈዋል። ስካን የተደረገ ፊርማም ያው ነው። ዲጂታል ፊርማ ሲባል ይህ መስሏችሁ ከሆነ ከአእምሯችሁ አውጡት።

ዲጂታል ፊርማ ሒሳብ ነው። ባንኩ ሁለት ቁልፍ ያዘጋጃል። አንዱ ሚስጥር ነው፤ ከእጁ አይወጣም። ሌላው ለሁሉም ይሰጣል። መልእክቱ በሚስጥሩ ቁልፍ ተፈርሞ ይላካል፤ የእናንተ ኢሜይል ደግሞ በይፋዊው ቁልፍ ያመሳክራል። መንገድ ላይ አንድ ቁጥር እንኳ ከተቀየረ ፊርማው ይፈርሳል። ፊርማው ከራሱ ከመልእክቱ ስለሚሰላ ከአንዱ ደብዳቤ ቆርጦ ሌላው ላይ መለጠፍም አይቻልም።

እኔ የፊርማ ካርዶቹን ቆልፌ ነበር የማሳድራቸው። ካርዱን ያየ ሰው ፊርማውን ይለማመደዋልና። እዚህ ግን ማመሳከሪያው አደባባይ ላይ ተሰጥቶ ማንም በሌላው ስም ሊፈርምበት አይችልም። ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳተሙት። በዓመቱ ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የሚሠራ ዘዴ አገኙለት። መጀመሪያ ሳነበው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የታገልኩት ችግር በሒሳብ ተፈትቶ ነበር። አገራችንም በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 አውጥታ ለዲጂታል ፊርማ ሕጋዊ መሠረት ሰጥታዋለች።

ወደ ቡና ቤቱ ልመልሳችሁ። ጂሜይል በኮምፒውተር ሲከፈት በቀኝ በኩል ሦስት ነጥቦች አሉ። እነሱን ተጭነን «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ከፈትን። ከላይ ዲኪም (DKIM) የሚል መስመር መጣ። ባንኮች ለሚልኩት ኢሜይል በብዛት የሚሠራው ፊርማ ይህ ነው። አጠገቡ «ፓስ» ይላል።

«እፎይ! አልፏል ጋሼ!» አለች። ትከሻዋ ወረደ።

«ማን ፈረመው ይላል?»

ዝም አለች። ከ«ፓስ» አጠገብ የፈራሚው ዶሜይን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ በኋላ የሚመጣው ስም፣ ተጽፏል። ፊደል በፊደል እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። የባንኩ ስም አለ። ከስሙ ቀጥሎ ግን ሰረዝ እና አንድ ተጨማሪ ቃል አለ። ባንኩ እንዲህ ያለ አድራሻ የለውም።

ነገሩ ያለው እዚህ ነው። የዲኪም ይፋዊ ቁልፍ የሚቀመጠው በዶሜይኑ ስም ሥር ነው። ዶሜይን የገዛ ሁሉ የራሱን ቁልፍ አስቀምጦ መፈረም ይችላል፤ ሌባም ጭምር። ሌባው በራሱ ስም በትክክል ፈርሟል፤ ኮምፒውተሩም «ፊርማው ትክክል ነው» ብሎ እውነቱን ተናገረ። ፈራሚው ባንካችሁ መሆኑን ግን ማንም አላረጋገጠላችሁም። ያ የእናንተ ሥራ ነው።

ዶሜይን ስታነቡ ከኋላ ጀምሩ። መጨረሻው «ዶት ኮም ዶት ኢቲ» ከሆነ ባለቤቱ ከእሱ ወዲያው በፊት ያለው ስም ነው። ከዚያ በፊት የሚደረደረው ጌጥ ነው። ሌባ የባንኩን ሙሉ አድራሻ ፊት ላይ ደርድሮ የራሱን ዶሜይን መጨረሻ ላይ ይሸጉጠዋል። ስልክ ላይ ደግሞ መጨረሻው ሊቆረጥና ላይታይ ይችላል። በላፕቶፕ ማየታችን የጠቀመን ለዚህ ነው። ከላይ በደማቁ የሚታየውን የላኪ ስምማ ተዉት፤ እዚያ ማንም የፈለገውን ይጽፋል።

በፒዲኤፍ የሚመጣ ደብዳቤም በዲጂታል ፊርማ ሊፈረም ይችላል። አዶቤ ሪደር ላይ ስትከፍቱት ማን እንደፈረመው፣ ከተፈረመ በኋላ ተነክቶ እንደሆነ ይነግራችኋል። ስለ አጭር የጽሑፍ መልእክት አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ እንዲህ የሚመሳከር ፊርማ የለውም፤ የላኪውም ስም ሊጭበረበር ይችላል። በእሱ አትወስኑ።

ፊርማ የሌለው ኢሜይል ሁሉ ውሸት ነው አልላችሁም። እንዲያ ሲሆን ግን ኤቲኤም ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉ፤ ወይም ተነሱና ቅርንጫፉ ሂዱ። እኛም ያንኑ አደረግን። በባጃጅ አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ቅርንጫፉ ምንም ደብዳቤ አልላከላትም።

ከመካከላችሁ ባንክ ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል የምትሠሩ አላችሁ። እናንተን አደራ የምላችሁ ዲማርክ (DMARC) የሚባለውን የኢሜይል መከላከያ ነው። በባንኩ ዶሜይን ስም ያለ አግባብ የተላከ ኢሜይል ከደንበኛ ሳጥን ሳይደርስ ተመላሽ እንዲሆን አድርጋችሁ አስተካክሉት። የእህቴ ልጅ እንዳጋጠማት ያለውን ተመሳሳይ ዶሜይን ባያስቆምም፣ የባንኩን ዶሜይን ራሱን አስመስሎ የሚልከውን ሌባ ያስቆማል።

ሌሎቻችሁ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ቅርንጫፉ ትክክለኛውን የኢሜይል አድራሻ ጽፎ ሰጥቷችሁ ከሆነ ወረቀቱን፣ ካልሆነም ሂሳብ ስትከፍቱ የመጣላችሁን የመጀመሪያ ኢሜይል ፈልጉ። ዶሜይኑን ከዚያ ላይ በእጃችሁ ገልብጡት። ነገ የሚመጣውን የምታመሳክሩት ከእሱ ጋር ነው። የእህቴ ልጅ የሱቋ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋዋለች፤ ከሥሩም ሰረዝ እንደሌለው ለማስታወስ «ሰረዝ የለውም» ብላ አስምራበታለች።