«አውትሎው» የሚል ሰደሪያ እና የዜግነት ማመልከቻ

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለዜግነት አመለክታለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሞተር ሳይክል ክለባቸው እንድገባ እየወተወቱኝ ነው። ሰደሪያቸው ላይ «1%» የሚል ምልክት ተሰፍቷል፤ ራሳቸውንም «አውትሎው» ይላሉ። ይህን ስም መሸከም በራሱ ወንጀል ነው?

መልስ፦ ወንጀል አይደለም። ለእርስዎ ግን ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም።

«አውትሎው» ሲባል እኛ ቶሎ የሚመጣልን «ሽፍታ» ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ቃሉ ፍርድ ነበር፤ የተፈረደበት ሰው የሕግ ከለላ ይነሣ ነበር። በሞተረኞች ዘንድ ግን ሲጀመር ቀላል ነገር ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ማኅበር ያልፈቀደው ውድድር፣ ያላወቀው ክለብ ማለት ነው። በ1947 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆሊስተር በምትባል ከተማ ረብሻ ከተነሣ በኋላ ማኅበሩ «ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ሞተረኛ ጨዋ ነው» አለ ተባለ። ማኅበሩ እንዲህ ስለማለቴ መዝገብ የለኝም ይላል። ቢሆንም የተረፈችውን አንድ ፐርሰንት አንዳንድ ክለቦች እንደ ማዕረግ ሰፏት። ሸፈተ ሲባል የሚፎከርበት አገር ልጅ ነዎትና ይህ አይገርምዎትም።

ሕጉ ስሙን እንዴት እንደሚያየው ሞንጎልስ የተባለው የሞተረኞች ክለብ ጉዳይ ጥሩ ያሳያል። ክለቡ ራሱ፣ እንደ ድርጅት፣ በ1970 በወጣውና «ሪኮ» በሚባለው የተደራጀ ወንጀል ሕግ ተከሶ በ2018 ጥፋተኛ ተባለ። ዐቃቤ ሕግ ታዲያ የንግድ ምልክቱም ይወረስልኝ ብሎ ጠየቀ፤ ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎችም (ጁሪው) ተስማሙ። የችሎቱ ዳኛ ግን ምልክቱን መውረስ የመናገር ነፃነትን ይነካል፣ ቅጣቱም ከልክ ያለፈ ይሆናል ብለው እምቢ አሉ። ክለቡ 500,000 ዶላር ተቀጣ፤ ምልክቱ ግን አልተወሰደም። ይግባኝ ሰሚውም በ2023 ምልክቱ አይወረስም የሚለውን አጸና። ያስቀጣው የተፈጸመው ድርጊት ነበር፤ ጥልፉ አልነበረም።

አባል መሆን ብቻውን አያስከስስም። የሚጠየቀው ያወቁትና ያደረጉት ነው። አዲስ ገቢ ሆነው «ይህን ዕቃ አድርስ» ቢባሉና ውስጡ ምን እንዳለ እያወቁ ቢያደርሱ፣ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የፈጸምኩት» ማለት አያድንዎትም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ዜጋ የሆነው ባልደረባዎ በዚህ ሰደሪያ ቢታይ ቢበዛ ፖሊስ ያስቆመዋል። የስቴት ዲፓርትመንት የቪዛ መመሪያ ግን ሄልስ ኤንጅልስ፣ አውትሎስና ባንዲዶስ የተባሉትን የሞተረኞች ክለቦች በስም ጠቅሶ አባሎቻቸው ቪዛ እንዲከለከሉ ይላል። ይህ በቀጥታ የሚመለከተው ቪዛ ጠያቂን ነው። ይሁንና መንግሥት እነዚህን ክለቦች በምን ዓይን እንደሚያይ ይናገራል። ለዜግነት ሲያመለክቱ ደግሞ መልካም ጠባይዎ ይመረመራል፤ በተለይ ያለፉት አምስት ዓመታት። በቃለ መጠይቁ ስለ ክለቡ ቢጠየቁ አይደብቁ፤ አባልነቱ ያላበላሸውን ማመልከቻ ውሸቱ ያበላሸዋል።

እኔ ብሆን ዜግነቱ እስኪያልቅ ድረስ አልገባም። መጋለብ ከናፈቀዎት እሑድ እሑድ ብቻ የሚወጡ፣ ማንም የማይፈራቸው ክለቦች ሞልተዋል። ከባልደረቦችዎ ክለብ ጋር ወጥተው ከነበረ፣ ፎቶም ካለ፣ ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩ።