ከድቡ ይልቅ ከበረዶው ይጠንቀቁ

ጥያቄ፦ የምንኖረው በካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ነው። በመጪው የኢትዮጵያ ክረምት፣ እዚህ በጋ በሚሆንበት ጊዜ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ስለሚመጡ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ትንንሽ ልጆቻችን ጋር ከሌክ ሉዊዝ ወደ ጃስፐር በሚወስደው የተራራ መንገድ ላንሸራሽራቸው አስቤያለሁ። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? ከፍታው እናቴን ይጎዳቸው ይሆን? ድቦቹስ ለልጆቹ አያሰጉም?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ጃስፐር ድረስ በአንድ ቀን ደርሶ መመለሱን አንመክርዎትም። ከሌክ ሉዊዝ እስከ ጃስፐር ያለው መንገድ ብቻውን 232 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከካልጋሪ ሌክ ሉዊዝ ድረስ ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲታከልበት፣ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ታጉረው ይውላሉ። አዳር ካልያዙ አታባስካ ከተባለው የበረዶ ግግር ደርሰው ይመለሱ። በመካከሉ ነዳጅ የሚገኘው ሳስካችዋን ሪቨር ክሮሲንግ ላይ ብቻ ስለሆነ ሌክ ሉዊዝ ላይ ይሙሉ፤ ስልክም በአብዛኛው መንገድ አይሠራምና ካርታውን አስቀድመው ያውርዱ።

ስለ ከፍታው አይስጉ። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ቦው ሰሚት 2,067 ሜትር ሲሆን፣ እናትዎ የሚኖሩባት አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች። ይልቅስ ከግግሩ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ በበጋም አጥንት ድረስ ስለሚዘልቅ ጋቢያቸውን እንዳይረሱ።

መንገዱ የሚያልፍባቸው ብሔራዊ ፓርኮች ደንብ ከድብና ከተኩላ 100 ሜትር፣ ኤልክ ከሚባለው ትልቅ አጋዘን ደግሞ 30 ሜትር መራቅን ያዛል። ድብ ሲታይ ከመኪና አይወረድም፤ ምግብም ውጭ አይተውም። እንደ እኛ ግምት ሰው አብዝቶ የሚዳፈረው ኤልክን ነው፤ ግልገል ያላት እናት ግን ሳታስጠነቅቅ ልትረግጥ ትችላለች።

ከሁሉም የሚያሰጋን በረዶው ነው። አታባስካ ባለፉት መቶ ምናምን ዓመታት ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ወደ እርሱ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር፣ በረዶው በየዘመኑ የደረሰበትን የሚያሳዩ ዓመት የተጻፈባቸው ምልክቶች ስላሉ፣ እናትዎ ልጅ ሳሉ የት እንደነበር ለልጆቹ ማሳየት ይችላሉ። ጫፉ ላይ የተዘረጋውን ገመድ ግን ማንም እንዳያልፍ፤ ጥልቅ ስንጥቆቹን ስስ በረዶ ስለሚሸፍናቸው መሬቱ ጠንካራ ይመስላል፣ የገባበትም ሰው በቅዝቃዜው በፍጥነት ይዳከማል። በረዶው ላይ መቆም ከፈለጉ በመንገድ መሪ ይሂዱ፤ ለእናትዎ ደግሞ ግግሩ ላይ ጎብኚ የሚያወጣው ባለ ትልልቅ ጎማ አውቶቡስ ይሻላቸዋል፤ ትኬቱን አስቀድመው ይቁረጡ።