ፊልምህ ባዶ ከወጣ ካሜራውን ከመውቀስህ በፊት ጠርዙን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ሙሉ ጥቅል ጥቁርና ነጭ ፊልም አነሳህ፣ ፎቶ ቤት አሳጠብክ፣ ሙልጭ ያለ ባዶ ላስቲክ ሆኖ ተመለሰልህ። «ካሜራህ ተበላሽቷል» አሉህ። አንተም «ካሜራውን ልቀይር ወይስ ቤቴ ማጠብ ልጀምር?» ብለህ ጠየቅክ። ካሜራህን እንዳትነካው። ቤትህ ማጠብ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ጀምር።

1. ከሁሉ በፊት የፊልሙን ጠርዝ እይ። ፎቶው የሚወጣበትን መሃሉን ለጊዜው ተወው። ቀዳዳዎቹ አጠገብ የፊልሙ ስምና ቁጥሮች መታየት አለባቸው። እነሱን ፋብሪካው በብርሃን ነው የሚጽፋቸው፤ ስለዚህ ልክ እንደ ፎቶው ፊልሙ ሲታጠብ ነው ብቅ የሚሉት። ካሜራህ ከነሱ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

ጽሑፉ ጥርት ብሎ ወጥቶ መሃሉ ብቻ ባዶ ከሆነ እጥበቱ ደህና ነው፤ ወይ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ አልዞረም፣ ወይ መዝጊያው አልተከፈተም። ጽሑፉ ደብዝዞ ከወጣ ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ደክሟል፣ ቀዝቅዟል ወይም ጊዜው አጥሯል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ጥቁር ከሆነ ብርሃን ገብቶበታል። መሃሉም ጠርዙም ባዶ ከሆነ ግን ጥፋቱ ያጠበው ሰው ነው። በቃ። ማንም ሌላ ነገር አያሳምንህ።

2. ተራ ጥቁርና ነጭ ፊልም በቀለም ፊልም ኬሚካል አይታጠብም። እኔን ያቃጠሉኝ እዚህ ላይ ነው።

ፊልሙ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ የሚባል ተራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። አክስቴን መስኮት ዳር ተቀምጣ መነጽሯን ስትወለውል አንስቻታለሁ። ካሜራ ስታይ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን እሺ አለችኝ። ፎቶ ቤት ስደርስ ልጁ ፊልሙን ወደ መብራት እንኳ ቀና አድርጎ አላየውም። ባንኮኒው ላይ ወረወረልኝና «ካሜራህ ሞቷል፣ ዲጂታል ግዛ» አለኝ። ምን ሆኖ እንደሆነ ንገረኝ ብዬ ብጠይቀው «ወረፋ አለ» ብሎ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ።

ካሜራውን ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ፈታው፣ ፈተሸው፣ መልሶ ገጠመው። «ምንም የለውም» አለኝ፤ ሒሳቡን ግን ከፈልኩ። ዕድሜውን ጨለማ ክፍል ውስጥ የጨረሰ አንድ ጋሼ ነው በመጨረሻ «ጠርዙን አይተኸዋል?» ያለኝ። አየነው። አንዲት ፊደል የለችበትም። «ይሄ በሲ-41 ነው የታጠበው» አለ ወዲያው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲ-41 የቀለም ፊልም ማጠቢያ ነው። በቀለም ፊልም ላይ መጨረሻ የሚቀረው ምስል ቀለም ነው፤ ብር የሚባለው ማዕድን ብሊችና ፊክሰር በሚባሉ ኬሚካሎች ተጠራርጎ ይወጣል። በተራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉ ራሱ ከዚያ ማዕድን የተሠራ ነው። እዚያ ኬሚካል ውስጥ ሲገባ ምስሉም ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። አይመለስም፤ የትም ብትወስደው አይወጣም። ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ሱፐር ለብቻው ነው፤ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የተሠራው ለሲ-41 ነው። አንዳንዱ ፎቶ ቤት እሱን ስለለመደ ሁሉንም አንድ ላይ ይከተዋል።

ተመልሼ ሄጄ ነገርኳቸው። ኃላፊዋ «ምትክ ፊልም እንሰጥሃለን» አለችኝ። ይቅርታ የምትል ቃል ከአፏ አልወጣችም። ምትኩን አልተቀበልኩም። እዚያው በር ላይ ነው ራሴ አጥባለሁ ብዬ የወሰንኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጥቁርና ነጭ ፊልሜ የሰው እጅ አልገባም፤ እንዲያውም ጓደኞቼ የነሱን ለእኔ ነው የሚያመጡት።

3. ቤት ስትጀምር የሚከብድህ ኬሚካሉ አይደለም፤ ፊልሙን በጨለማ ሪሉ (ታንኩ ውስጥ የሚገባው መጠቅለያ) ላይ መጠቅለል ነው። ታንኩ (ፊልሙ የሚታጠብበት ብርሃን የማያስገባ ዕቃ)፣ ብርሃን የማያስገባው ከረጢትና ቴርሞሜትሩ እንዳለህ ልቁጠር። አንድ ጊዜው ያለፈበት ፊልም መሥዋዕት አድርግ። መጀመሪያ እያየህ፣ ቀጥሎ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ ጠቅልለው። ሪሉ ድርቅ ያለ ይሁን፤ የፕላስቲክ ሪል ትንሽ እርጥበት ካለው ፊልሙ ይያዛል። የፊልሙን ጫፍ ሁለት ማዕዘኖች በመቀስ ክብ አድርጋቸው። መሃል ላይ እንቢ ካለህ አትታገለው። ከረጢቱ ውስጥ እጅህ ያልበዋል፣ ላቡም ነገሩን ያባብሰዋል። ፊልሙንም ሪሉንም ታንኩ ውስጥ ክተት፣ ክዳኑን ግጠም፣ እጅህን አውጣ፣ አድርቀህ ተመለስ። ታንኩ ከተዘጋ ማንም አያሳድድህም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፤ ይቺን ብቻ ብትይዝ ይበቃኛል። ፊልሙን ከመጠቅለልህ በፊት ከመጀመሪያው ጫፍ፣ ካሜራው ላይ ስትጭነው ብርሃን ካየው ክፍል፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቁረጥ። መብራት እንደበራ ዴቨሎፐሩ ውስጥ ጣላት። በደቂቃዎች ውስጥ ከጠቆረች ዴቨሎፐርህ ሕያው ነው። እንዳለች ከቀረች ድፋውና አዲስ በጥብጥ። ሌላ ቁራጭ ደግሞ ፊክሰር (ብርሃን ያልነካውን የፊልሙን ክፍል አጥርቶ ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ውስጥ ጣል። ወተት የመሰለው ገጿ ጠርቶ ብርሃን የሚያሳልፍበትን ጊዜ ቁጠር፤ ፊልሙን የዚያን እጥፍ ታቆየዋለህ። የመጥሪያው ጊዜ ፊክሰሩ አዲስ በነበረበት ጊዜ ከነበረው እጥፍ ከሆነ ፊክሰሩ አልቆለታል። እኔ ይቺን ሙከራ ሳላደርግ ታንክ አልከፍትም። ፎቶ ቤት ማንም አያደርግልህም።

ጠርሙሶቹ ላይ በትልቁ ጻፍባቸው። ፊክሰር ቀድሞ ከገባ ያው ባዶ ላስቲክ ነው የምታገኘው። ልጆች ካሉ ከፍ ያለ ቦታ ቆልፍባቸው፤ ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት።

ለኤችፒ5 እኔ የምጠቀመው ዴቨሎፐር አይዲ-11 ነው። አንድ እጅ ዴቨሎፐር ለአንድ እጅ ውኃ፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 13 ደቂቃ። ይሄ ካሜራው ላይ የፊልሙ ፍጥነት (አይኤስኦ) 400 ተደርጎ ሲነሳ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ታንኩን 4 ጊዜ ገልብጥ፣ ከዚያ በየደቂቃው መጀመሪያ እንደዚያው። በገለበጥክ ቁጥር ታንኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለህ መታ መታ አድርገው፤ አየር አረፋ ፊልሙ ላይ ከተጣበቀ ክብ ነጠብጣብ ይተውብሃል። ከኢንተርኔት አስር ዓይነት አሠራር አትሰብስብ። አንድ ፊልም፣ አንድ ዴቨሎፐር ያዝና እጅህ እስኪለምደው በዚያው ቆይ።

ከፊክሰር በኋላ ውኃ እንዳታባክን፦ ታንኩን ሞልተህ 5 ጊዜ ገልብጥና ድፋ፣ እንደገና ሞልተህ 10 ጊዜ፣ በመጨረሻ 20 ጊዜ። ኢልፎርድ ራሱ የሚመክረው ነው። አቧራ በሌለበት መታጠቢያ ቤት ስቀለው፣ እስኪደርቅ ማንም አይግባ። ያለቀ ፊክሰር ግን ብር ስላለበት ቱቦ ውስጥ አትድፋው፤ በጀሪካን አጠራቅመህ አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል አስረክብ።

ካሜራውን በተመለከተ፣ ልብህ እንዲያርፍ ከፈለግክ ፊልም ጭነህ ወደፊት ስታስኬደው በግራ በኩል ያለው መመለሻ ቁልፍ አብሮ መዞሩን እይ። ከዞረ ፊልሙ ተይዟል ማለት ነው።

የተመለሰልህ ፊልም ጠርዙም ባዶ ከሆነ ወደ ፎቶ ቤቱ ሂድና በምን ኬሚካል እንዳጠቡት በግልጽ ጠይቃቸው። ደረሰኙንና ፊልሙን ይዘህ ሂድ፤ ፊልሙን ግን እጃቸው ላይ ትተህ እንዳትወጣ።